የተቦረቦረው መጽሐፍ፦ በ«ሎስት» ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሥነ ጽሑፋዊና ሃይማኖታዊ ተነጻጻሪዎችን ስለ መፈለግ

«ሎስት» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 እስከ ሜይ 23 ቀን 2010 በኤቢሲ ጣቢያ በስድስት ምዕራፎች ቀርቧል። ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር የነበረ፣ የበረራ ቁጥሩ 815 የሆነ አውሮፕላን በአንድ ያልታወቀ ደሴት ላይ ይከሰከሳል፤ በሕይወት የተረፉት መንገደኞች ከጫካው፣ ከጥቁሩ ጭስ፣ ቀድመዋቸው በደሴቱ ከሰፈሩት ሰዎችና ከየራሳቸው ያለፈ ሕይወት ጋር ይጋፈጣሉ። ታሪኩ በምሥጢር ላይ ምሥጢር እየደረበ ስለሚሄድ ተመልካቹ ገና ከጅምሩ ፍንጭ አዳኝ ሆነ። ፍንጩ የሚታደነውም በአብዛኛው ከመጻሕፍት ነበር፦ ገጸ ባሕርያቱ ከሚያነቧቸው ልቦለዶች፣ ከሚጠሩባቸው የፈላስፎች ስሞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ።

በዚህ ድራማ ላይ የተጻፈውና የተባለው እጅግ ብዙ ሲሆን፣ ስለ ተነጻጻሪዎቹ ያለው አስተያየት ግን በሁለት ጎራ ይጠቃለላል። የመጀመሪያው ጎራ እያንዳንዱን ተመሳሳይነት የመጨረሻውን ምሥጢር የሚፈታ ቁልፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ ስም ከስም፣ ቁጥር ከቁጥር እያጋጠመ ዝርዝር ያበዛል። ሁለተኛው ጎራ የተወለደው በፍጻሜው ቅር ከተሰኙት ተመልካቾች ነው፤ ተነጻጻሪዎቹ ሁሉ ባዶ ጌጥ ናቸው፣ ደራሲዎቹ ያላሰቡበትን ጥልቀት ለማስመሰል የለጠፏቸው ናቸው ይላል። ሁለቱ የተቃረኑ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም ተነጻጻሪን የሚመዝኑት ወደፊት የሚሆነውን በመተንበይ ችሎታው ነው፤ አንዱ ይተነብያል ብሎ ያምናል፣ ሌላው ስላልተነበየ ይጥለዋል። ድራማው ራሱ ግን ሌላ መመዘኛ ያቀርባል፤ ያቀረበውም በአንድ ናይጄሪያዊ ገጸ ባሕርይ አንደበት ነው።

በሁለተኛው ምዕራፍ ዘጠነኛ ክፍል ሚስተር ኤኮ ለጆን ሎክ የይሁዳን ንጉሥ የኢዮስያስን ታሪክ ይተርክለታል። በኤኮ አተራረክ ንጉሡ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ ለማሠራት ፈልጎ ወርቁ ለሠራተኞቹ እንዲሰጥ ጸሐፊውን ይልከዋል፤ ጸሐፊው ግን ያለ ወርቅ፣ መጽሐፍ መገኘቱን ሊናገር ይመለሳል፤ ቤተ መቅደሱም የታነጸው በወርቁ ሳይሆን በዚያ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ትረካውን ሲጨርስ ኤኮ ከደሴቱ ማዶ በተተወ ጣቢያ ያገኙትን መጽሐፍ ቅዱስ ለሎክ ይሰጠዋል። ሎክ ሲከፍተው ገጾቹ ተቆርጠው ውስጡ ተቦርቡሯል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሎክ በሚጠብቀው ጣቢያ ከሚታየው የመመሪያ ፊልም ተቆርጦ የጠፋው ቁራጭ ተቀምጧል። ሎክ በግጥምጥሞሹ ሲደነቅ፣ መገጣጠምን ዕጣ ፈንታ ነው ብሎ እንዳይሳሳት ያስጠነቀቀው ያው ኤኮ ነው።

ትዕይንቱን ከመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 22 ጋር ያስተያየ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ተመሳሳይነቱን ነው፤ ዝርዝር አብዢው ጎራ እዚህ ላይ ይቆማል። ጥናት ግን የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። በቅዱሱ መጽሐፍ የሚነገረው ስለ ወርቅ ሳይሆን ስለ ብር ነው፤ ብሩም አልጠፋም፣ ለሠራተኞቹ ተሰጥቷል። መጽሐፉን ያገኘው ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ ነው፤ ጸሐፊው ሳፋን ደግሞ በንጉሡ ፊት ያነብበዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ንጉሡ የሕጉን ቃል በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ። አባቶቹ ሕጉን ባለመጠበቃቸው ቁጣ እንደ ነደደ ተረድቶ ደነገጠ፤ ከእግዚአብሔርም ቃል እንዲጠይቁለት ሰዎች ላከ። በመጽሐፈ ነገሥት የተገኘው መጽሐፍ በመጀመሪያ የሚያፈርስ ነው፤ የሰውን ልብ ያፈርሳል። በኤኮ አተራረክ ልብስ መቅደድ የለም፤ ንስሐም የለም። መጽሐፉ ለግንባታ የሚያገለግል መሣሪያ ብቻ ሆኗል።

ይህ መጉደል የቸልተኝነት ውጤት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ቀጣዩ ክፍል ባይኖር። የዚያ ክፍል ርእስ «23ኛው መዝሙር» ሲሆን የኤኮን ያለፈ ሕይወት ይገልጣል። ኤኮ በልጅነቱ ወንድሙን ዬሚን ለማዳን ሲል ሰው ገደለ፤ አድጎም የታጣቂዎች አለቃና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ሆነ። ወንድሙ ግን ካህን ሆነ። ኤኮ ሄሮይኑን ከአገር ለማስወጣት የመረጠው መንገድ የድንግል ማርያምን ምስሎች ቦርቡሮ ዕፁን በውስጣቸው መደበቅ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ወንድሙ ሞተ፣ እርሱም የካህን ልብስ እንደ ለበሰ ካህን ተብሎ ቀረ። ቀደም ሲል በታየው ክፍል መጽሐፍ ቅዱሱ ተቦርቡሮ የፊልም ማኅደር ሆነ፤ በዚህኛው ምስሎቹ ተቦርቡረው የሄሮይን ማኅደር ሆኑ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ድራማው ራሱ ነው። ቅዱስ ነገር ሌላ ነገር መያዣ እንዲሆን ውስጡ ሲወጣ ምን ይቀራል የሚለው ጥያቄ ከኤኮ ታሪክ የማይነጠል ነው። በዚሁ ጥያቄ ፊት የሚቆመው ኤኮ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስን የአንድ የቴሌቪዥን እንቆቅልሽ መፍቻ ብቻ አድርጎ የሚገልጥ ተመልካችም ሆነ ተመራማሪ ያንኑ ሥራ እየሠራ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ ኤኮ ይሞታል። ወንድሙን መስሎ የመጣው አካል ኑዛዜውን እንዲያሰማ ሲጠብቀው፣ ኤኮ በሕይወት ለመቆየት የግድ የሆነበትን እንጂ ኃጢአት እንዳልሠራ ተናግሮ ይቅርታ ለመጠየቅ እምቢ ይላል፤ ጥቁሩም ጭስ ይገድለዋል። ከኢዮስያስ ታሪክ ልብስ መቅደዱን ያወጣው ሰው በመጨረሻው ሰዓት ልብሱን አልቀደደም። ተዋናዩ ከድራማው የወጣው በራሱ ጥያቄ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ታቅዶ ነበር ማለት አይቻልም። ይህ ግን ንባቡን አያፈርሰውም። በብዙ ጸሐፊዎች እጅ፣ በየሳምንቱ የሚቀርብ፣ መቼ እንደሚያልቅ እንኳ እስከ 2007 ድረስ ያልተወሰነለት ሥራ የአንድ ደራሲ ሐሳብ ማኅተም ሊኖረው አይችልም። የሚጠየቀው ጸሐፊዎቹ ምን አስበው እንደ ነበር ሳይሆን፣ በማያ ገጹ ላይ የቀሩት ነገሮች እርስ በርሳቸው ምን እንደሚነጋገሩ ነው።

የቁጥሮቹ ጉዳይ የመጀመሪያውን ጎራ ድክመት ከሁሉ ይልቅ ያጋልጣል። 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23 እና 42 የተባሉት ስድስት ቁጥሮች ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንሥቶ በየቦታው ይታያሉ፤ ድምራቸው 108 ነው፤ በጣቢያው ያለው አዝራርም በየ108 ደቂቃው መነካት አለበት። 108 በሂንዱና በቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ የተከበረ ቁጥር፣ የመቁጠሪያቸውም ዶቃ ብዛት ነው፤ ጣቢያዎቹን የሠራው ድርጅት «ዳርማ» ተብሎ መሰየሙም ይህን ንባብ ያግዛል። በስድስተኛው ምዕራፍ እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ እጩ መለያ መሆኑ ሲገለጥ 23 የጃክ ሼፐርድ ሆነ። የአያት ስሙ በእንግሊዝኛ ሲነገር «እረኛ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ ስላለው፣ እግዚአብሔርን እረኛ ብሎ ከሚጠራው መዝሙር ጋር ወዲያው ተያያዘ፤ ያ መዝሙር 23ኛው ነውና።

ነገር ግን 23ኛው የሚሆነው ለማን ነው? በዕብራይስጡ አቆጣጠር ለሚሄዱ ትርጉሞች ነው። የሰባ ሊቃናትን ትርጉም የሚከተለው የግእዙ ዳዊት 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር በአንድ ስለሚቆጥር፣ ይኸው መዝሙር በግእዙ 22ኛ ነው። ዳዊት ሲደግም ላደገ ኢትዮጵያዊ የጃክ ቁጥር ወደ እረኛው አይመራም፤ የሚመራው ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር መሆኗን ወደሚናገረው ወደሚቀጥለው መዝሙር ነው። «ሼፐርድ» የሚለው ስምም በአማርኛ ሲጻፍ እረኝነቱን ያጣል። ቁልፍ የተባለው ነገር በአንድ ቋንቋና በአንድ የኅትመት ልማድ ውስጥ ብቻ የሚዞር ቁልፍ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሐሰት ነው አይባልም፤ በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ጸሐፊና ተመልካች ቀልዱ ይሠራል። ደሴቲቱን የሚያስረዳ ምሥጢር አድርጎ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። የጃክ አባት ስም «ክርስቲያን ሼፐርድ» ነው፤ በመጨረሻው ክፍል ኬት ስሙን ስትሰማ የምር ነው ወይ ብላ ትገረማለች። ጸሐፊዎቹ በራሳቸው ሥራ የሳቁበትን ነገር ተመራማሪ በግርጌ ማስታወሻ ሲያከብረው ጥቂት ያሳዝናል።

የፈላስፎቹም ስሞች ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሎክ፣ ሂዩም፣ ሩሶ፣ ቤንታም፣ ባኩኒን፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ፍሬው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ መካከል ሊያዝ የሚገባው ምናልባት የሎክ ነው። የሰው አእምሮ ሲወለድ ምንም ያልተጻፈበት ሰሌዳ ነው ያለው ፈላስፋ ስሙን ያወረሰው፣ ሕይወቱ አስቀድሞ እንደ ተጻፈለት ለማመን ዕድሜውን ሙሉ ለሚጓጓ ሰው ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ሥራ ይሠራል፤ በሌሎቹ ላይ ስም ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት የመጻሕፍት ትርጓሜ ልማድ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የሚያበድረው ነገር አለው። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ ትርጓሜ ይደራርባል፤ የሚደራርበው ግን ንባቡን አስቀድሞ፣ ነጠላ ትርጉሙንም አስከትሎ ነው። በብሉይ ያለውን ነገር ለሐዲሱ ምሳሌ አድርጎ ሲያመጣም፣ ምሳሌ ምን ጊዜም ከሚመሰልለት ነገር ያነሰ መሆኑን ያውቃል፤ የት ላይ እንደሚመስልና የት ላይ እንደሚለይ ይናገራል። የቴሌቪዥን ድራማ ቅዱስ መጽሐፍ አይደለምና ዘዴው እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። የሚወሰደው ሥርዓቱ ነው፦ ንባቡ ይቅደም፣ መለየቱም ከመመሳሰሉ እኩል ይነገር።

በዚህ ሥርዓት ቢታይ ከድራማው ተነጻጻሪዎች ሁሉ የሚጸናው የያዕቆብ ነው። የደሴቱ ጠባቂ ያዕቆብ መንታ ወንድም አለው፤ የወንድሙ ስም እስከ መጨረሻው አይነገርም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ዔሳው ቀድሞ ይወለዳል፤ ያዕቆብ ተረከዙን ይዞ ይከተላል፤ እናታቸው ርብቃ የምትወደው ታናሹን ነው። በድራማው ያዕቆብ በኵር ነው፤ የሚወደደው ግን ሌላው ነው። ወላጃቸውን ገድላ ያሳደገቻቸው ሴት የጠባቂነቱን ሥልጣን ለማስተላለፍ ወይን ቀድታ ለያዕቆብ ታጠጣዋለች፤ ይስሐቅም በዘፍጥረት 27 ከመባረኩ በፊት መብል በልቶ ወይን ጠጥቷል። ነገር ግን የዘፍጥረቱ ያዕቆብ በረከቱን ፈልጎት በተንኮል ይወስደዋል፤ የድራማው ያዕቆብ አልፈለገውም። የመጀመሪያ ምርጫዋ ወንድሙ እንደ ነበረ፣ እርሱ የተመረጠው ሌላ ስለሌለ ብቻ መሆኑን በምሬት ይናገራል። በኦሪት ርብቃ ልጆቿ ሳይወለዱ ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛ ከእግዚአብሔር ሰምታለች፤ በደሴቱ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ አልተሰማም። የድራማው ጭንቀት እዚህ ላይ ነው፦ መምረጥ አለ፣ መራጩ ግን የለም። እጩዎቹ ስማቸው በዋሻ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሲያገኙ፣ በመሰላል ወርደው ያዩትን ጽሑፍ ማን እንደ ጻፈው እንጂ በማን ሥልጣን እንደ ጻፈው የሚነግራቸው የለም። የዘፍጥረቱ መሰላል እስከ ሰማይ ይደርስ ነበር።

ከዚሁ ጋር የቤንጃሚን ላይነስ ታሪክ አብሮ መነበብ አለበት። ብንያም በዘፍጥረት 35 እናቱን ራሔልን በመወለዱ ያጣል፤ አባቱ ያዕቆብ ግን ለወጠው ስም እስኪሰጠው ድረስ ይወደዋል፤ ዮሴፍ ከጠፋ በኋላማ ከዓይኑ እንዲርቅ አይፈቅድም። ቤንም ሲወለድ እናቱ ሞታበታለች። ያደገው በሚጠላው አባት እጅ ነው፤ ያዕቆብን ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል ፊቱን አይቶ አያውቅም። በአምስተኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ሲገናኙ የሚጠይቀው እኔስ ምን ጎደለኝ የሚል ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ያዕቆብ ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ አቃልሎ ይመልስለታል፤ ቤንም ይወጋዋል። ከልጆቹ ሁሉ ለይቶ የወደደው አባት በዚህ ላይ የለም። ዘፍጥረትን የማያውቅ ተመልካች በዚህ ትዕይንት ግድያ ያያል፤ የሚያውቀው ተመልካች ደግሞ የተነፈገ በረከት ያያል። ተነጻጻሪ የሚባለው ይህ ነው።

ከሥነ ጽሑፍ ወገን የዴዝመንድና የፔኔሎፒ ታሪክ በዚህ ደረጃ ይቆማል። በሆሜር «ኦዲሲ» ፔኔሎፔ ጨርቅ እየሸመነች መልሳም እየፈታች ባሏን ትጠብቃለች። የድራማዋ ፔኒ ግን አትጠብቅም፤ ደሴቱን የሚፈልጉ ሰዎች ቀጥራ ትፈልገዋለች። በባሕር ላይ የጠፋው ሰውም ከጦርነት የሚመለስ ጀግና አይደለም፤ ለእርሷ እንደማይበቃ በመስጋት ራሱ ጥሏት የሄደ ነው። ዴዝመንድ ከመሞቱ በፊት ለማንበብ ያስቀመጠው የመጨረሻ መጽሐፍ የዲከንስ «የጋራ ወዳጃችን» ነው፤ ሰጥሞ ሞቷል ተብሎ በሌላ ስም ስለሚኖር ሰው የተጻፈ ልቦለድ። ሊሞት ቆርጦ ሲከፍተው ፔኒ የደበቀችለትን ደብዳቤ በውስጡ ያገኛል። ኤኮ ካመጣው መጽሐፍ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የዲከንስ ገጾች አልተቆረጡም፣ ደብዳቤውን የያዙት እንደ ነበሩ ሆነው ነው።

የፍላነሪ ኦኮነር ጉዳይ አጭር ነው። ሎክ በገዛ አባቱ ተገፍቶ ከስምንተኛ ፎቅ ሲወድቅ፣ ያዕቆብ በታች ተቀምጦ የሚያነበው እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን የአጫጭር ልቦለዶች መድበሏን ነው። ርእሱ በግርድፉ «የሚነሣ ሁሉ መገናኘቱ አይቀርም» ማለት ነው። የሚነሣውን የሚያወሳ መጽሐፍ፣ ከበስተኋላው የሚወድቅ ሰው፤ ሽፋኑ የሚታየው ለጥቂት ሰከንዶች ቢሆንም ይበቃል።

ቤን በአምስተኛው ምዕራፍ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ሐዋርያው ቶማስ ለጃክ የሚነግረውም ሊታለፍ አይገባም። ቶማስ ከጌታ ጋር ለመሞት ወደ ይሁዳ እንሂድ ያለ ደፋር ሰው ነበር፤ የሚታወሰው ግን በጥርጣሬው ብቻ ነው ይለዋል። ነገሩ በዮሐንስ ወንጌል 11፥16 ያለ እውነት ነው። የሚናገረው ግን ድራማው ካፈራቸው ውሸታሞች ሁሉ የላቀው ነው፤ ዓላማውም ጃክን በአጂራ አየር መንገድ 316ኛ በረራ ማሳፈር ነው። የበረራው ቁጥር ዮሐንስ 3፥16ን እንደሚያስታውስ ሁሉም አስተዋለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙም ከመዝሙር ጠቅሶ እንደ ተናገረ የሚያስታውስ ግን ለቁጥሩ ከመደነቁ በፊት ስለ ተናጋሪው ይጠይቃል።

ቶማስ የተባለው ጃክ በመጨረሻው ክፍል ጎኑን ተወግቶ ይቆስላል፤ ቁስል ለመንካት የፈለገውን ሐዋርያ መምሰሉ ቀርቶ ቁስሉን ተሸካሚ ይሆናል። የዚያው ክፍል የቤተ ክርስቲያን መስኮት የስድስት እምነቶችን ምልክት በአንድ መስተዋት ሰብስቧል፤ ማንንም ላለማስቀየም የተሠራ ይመስላል፣ ከድራማው ምስሎች ሁሉ ደካማው እርሱ ነው። በአንጻሩ ያዕቆብ ሥልጣኑን ለጃክ ሲያስተላልፍ በጽዋ ውኃ ላይ በሌላ ቋንቋ ጸሎት የሚመስል ቃል ተናግሯል። ጃክ ደም እየፈሰሰው ለሃርሊ ሲያስተላልፍ ቋንቋውን አያውቀውም፤ ጽዋም የለውም። ከተከሰከሰው አውሮፕላን በቀረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከወራጁ ውኃ ይቀዳና ይሰጠዋል። ሃርሊም ይጠጣል፤ በቃ ይኸው ነው ወይ ብሎም ይጠይቃል።